ሹማችን ማዳመጥ ከተማረ በኋላ

የአገሬን ስም አልናገርም። ብናገርም አይጠቅማችሁም፤ የአገሬ ሰዎች «ይህ የኛ አገር አይደለም» ብለው ይምላሉ፣ የሌላ አገር ሰዎች ደግሞ «የኛን ነው የጻፈው» ብለው ይቀየማሉ። ወንዝ እንዳለን፣ ወንዙም ድልድይ እንደሌለው ብታውቁ ይበቃል። ድልድይ ያልተሠራው በምክንያት ነው። ድልድይ ካለ የመሻገሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የመሻገሪያ ቤት ከሌለ ደግሞ ሹሙ የምን ሹም ይሆናል? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ስላልተገኘ እስከ ዛሬ በጀልባ እንሻገራለን።

ጀልባው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር የተወጠረ ወፍራም የቃጫ ገመድ አለ። ጀልባው በብረት ቀለበት ከገመዱ ጋር ይያያዛል፤ ጀልበኞቹ ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ ሰውና ከብት ያሻግራሉ። ገመዱ ከተበጠሰ ጀልባው ውሃው ወደሚወስደው ይሄዳል። ከታች ደግሞ ፏፏቴ አለ። ስለ ሥራችን ማወቅ ያለባችሁ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያነሰ እያወቁ የተሾሙብን አሉ።

ከጥንት የወረስነው አንድ ልማድም አለን። ከግምጃ ቤት ዕቃ የሚወጣው በሹሙ ድምፅ ብቻ ነው። ሹሙ ከቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ «ይውጣ!» ብሎ ሲጮኽ ግምጃ ቤት ጠባቂው ቁልፉን ያዞራል። ካልጮኸ አያዞርም። አባቶቻችን ይህን የደነገጉት ወረቀት ይጭበረበራል፣ ማኅተም ይሰረቃል፣ የሰው ድምፅ ግን ከገዛ ጉሮሮው ውጪ የትም አይገኝም ብለው ነው። ብልሆች ነበሩ። ዝም የሚል ሹም ይመጣል ብለው ግን አላሰቡም። ማን ያስባል?

ጠባቂው ገረመው ይባላል። አባቱም ጠባቂ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለግምጃ ቤቱ በር፣ ጆሮውን ለበረንዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ጎረቤት ያለ ቤት ሲቃጠል «ከበረንዳው አልሰማሁም» ብሎ ባልዲ የከለከለ ሰው ነው። ይህንን የሚያወሩበት ሊያሙት ነው፤ እሱ ግን ሲወራለት ደስ ይለዋል።

እኔ አየልኝ እባላለሁ። በቀድሞው ሹም በቢያድግልኝ ዘመን ሥራዬ ዕቃ መልቀም ነበር። ቢያድግልኝ ሲናደድ ይወረውራል፤ የቀለም ብልቃጥ፣ ጫማ፣ አንድ ጊዜም ድመት። እኔ ከበረንዳው ሥር ቆሜ የወደቀውን አንስቼ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ድመቷ ግን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነችም። ሰውዬው ጀልበኞቹን ከነዘር ማንዘራቸው ሳይሰድብ ቁርስ አይበላም ነበር። ሆኖም ገመድ ሲሳሳ ያያል፤ ካየ ደግሞ «እናንተ ደንቆሮዎች! ገመድ ይውጣ!» ይላል፤ ገመዱም ከነስድቡ ይወጣል። ልመሰክርለት አይደለም፤ እንደሱ ያለ ባለጌ አይቼ አላውቅም። ብቻ በሱ ዘመን ፏፏቴው ሰው አልበላም።

ስድቡ ሲበዛብን ለላይ ቤት አቤት አልን። ላይ ቤት የምንለው ሹሞችን የሚሾመውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮረብታ ላይ ስለተሠራ እንጂ ሌላ ከፍታ የለውም። ላይ ቤት ነገሩን መረመረና ችግሩ ቢያድግልኝ ሳይሆን አመራር የሚባለው ነገር መሆኑን ደረሰበት። ቢያድግልኝን ጡረታ አወጣው። ቀጥሎ የአለቆች ማሻሻያ ቤት የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ያልተመረቀ ሰው ከእንግዲህ እንኳን ሠራተኛ በግም አይመራም ተባለ።

በማሻሻያ ቤቱ የሚሰጠው ትምህርት ማዳመጥ ብቻ ነው። መጥፎ አለቃ ማለት የማያዳምጥ አለቃ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ አለቃ ማለት የሚያዳምጥ አለቃ ነው፤ ሌላ ነገር ከተጨመረበት ይበላሻል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር ማድረግን፣ ዓይናቸውን ማርጠብን፣ ቀስ ብለው መነቅነቅን ይለማመዳሉ። መልስ መስጠት ክልክል ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው አላዳመጠም፤ ሲያዳምጥ መስሎ መልሱን ሲያሰናዳ ነበር ይላሉ መምህሮቹ። የሚፈቀደው አንድ ቃል ነው፤ ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ «ሰምቼሃለሁ» ይባላል፣ ያበቃል።

ሹም ልሳነወርቅ ከዚያ በማዕረግ ተመርቆ መጣልን። ልብሱ የማይጨማደድ፣ ፊቱ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹህ የሆነ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን በረንዳው ሥር ሰበሰበን። ስድብ የለመድን ሰዎች ነንና አንገታችንን ደፍተን ጠበቅን። ምንም አላለም። አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ አላስችል ብሎት ሳለ። ሹም ልሳነወርቅ ሳሉን በጥሞና አዳምጦ ነቀነቀና ወደ ቢሮው ገባ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከአጠገቤ የነበረ ጀልበኛ «አየህልኝ? እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለኝ። እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ያወቀው በአንዲት ሳል መሆኑ ነው።

ሹሙ እኔን ለብቻዬ አስጠራኝ።

«አየልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚወረወር ዕቃ የለም። አንተ ወንበር ታቀርባለህ።»

«ለማን ጌታዬ?»

«ብሶት ላለው ሁሉ።»

ወንበሩ ከማሻሻያ ቤት የተሸለመው ነው። መቀመጫው ቀይ ከፋይ፣ መደገፊያው ላይ ጆሮ የተቀረጸበት፣ የተወለወለ ወንበር ነው። ሹሙ ጠዋት ጠዋት በገዛ መሐረቡ ይወለውለዋል። ባለብሶቱ በዚህ ወንበር ይቀመጣል፣ ሹሙ ከፊቱ ተራ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና ያዳምጣል። ትሕትናውን ስታዩት አንጀት ይበላል።

ሰዉ በወንበሩ ፍቅር ወደቀ። መጀመሪያ የገባው አናጢያችን ነበር። የመሥሪያ ክፍሉ ጣሪያ እያፈሰሰ ሳንቃው ሁሉ በስብሶበታል። ጉንጩ በእንባ ርሶ ወጣ።

«ሰማኝ!» አለ። «በሕይወቴ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም። ሚስቴም አልሰማችኝም።»

«ጣሪያውስ?» አልኩት።

«የምን ጣሪያ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አናጢው በየሳምንቱ ስለ ጣሪያው ሊናገር ይመጣል፤ ጣሪያው እየባሰበት በሄደ ቁጥር የሚናገረው ይበዛል፣ የሚናገረው ሲበዛ ደስታው ይጨምራል። ሌሎቹም እንደዚሁ ሆኑ። ብሶት የሌለው ሰው ማፈር ጀመረ። አንዳንዱ ለመደመጥ ሲል ደህናውን መቅዘፊያ ሰብሮ ይመጣ ነበር። ቢያድግልኝ ደንቆሮ ብሎ ሲሰድበን እንቆጣ ነበር፤ እንዳልተሳሳተ ያወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ያልተደሰተች አንዲት ሴት ነበረች። እታፈራሁ ትባላለች። ሥራዋ በኛ በኩል ያለው ምሰሶ ላይ ገመዱን ማጥበቅ ነው፤ ረጅም የብረት ዘንግ አላት፣ በሱ እየጠመዘዘች ገመዱ ሲላላ ትወጥረዋለች። ባሏ ድንበሩ የጀልበኞቹ አለቃ ነው፤ ጠዋት ጀልባው ላይ ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። እንግዲህ ገመዱ መሃል ላይ መዘርዘር ጀመረ። ይህን ለማየት ዕውቀት አያስፈልግም። ቃጫው ከሩቅ ሲታይ ፀጉሩን ያላበጠረ ሰው ይመስላል፤ የሚሻገሩ ገበያተኞች እንኳ እያዩ ያማትቡ ነበር። አዲስ ገመድ ደግሞ በግምጃ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በበሩ ስንጥቅ ይታያል። የጎደለው ከበረንዳው ላይ አንድ ቃል ነው።

እታፈራሁ ወደ ሹሙ ገባች። ወንበሩን አቀረብኩላት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ገመዱ ተዘርዝሯል። ይቀየር።»

ሹሙ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ባሌ ነው ላዩ ላይ የሚውለው። ሌላም ሰው አለ፣ ልጅ ያዘሉ አሉ። ገመዱ ግምጃ ቤት አለ። እርስዎ ይውጣ ካሉ ዛሬውኑ እንቀይረዋለን።»

ሹሙ ነቀነቀ። ዓይኑ ረጠበ። ጠበቀችው። እሱም ጠበቃት።

«ሰምቼሻለሁ፣ እህቴ» አለ በመጨረሻ።

«እሺ። ከዚያስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ክፍል ውስጥ ተጠይቆ አያውቅም። ሹሙ ከተማረው ሁሉ ውስጥ «ከዚያስ» ለሚለው የሚሆን አንገት አጣ። ቀኝ አለ፣ ግራ አለ። ከዚያ «ሰምቼሻለሁ» የሚለውን በለሰለሰ ድምፅ ደገመላት፤ እኔም በምልክት ታዝዤ ሸኘኋት።

በበነጋታው መጣች። በሳምንቱም መጣች። አንድ ቀን ከገመዱ ላይ የረገፈውን ቃጫ በነጠላዋ ቋጥራ አምጥታ ከእግሩ ሥር ዘረገፈችው። ሹሙ ቃጫውንም አዳመጠው። በሌላ ቀን ጮኸችበት፤ ጩኸቷን ባዳመጠበት ጊዜ ያሳየው ትዕግሥት እስከ ላይ ቤት ድረስ ተወራ። በዚያው ሰሞን በብዛት የተደመጠች ሠራተኛ ተብላ በአደባባይ ሽልማት ተሰጣት፤ የጆሮ ሥዕል ያለበት ሻርፕ ነው። ሻርፑን ተቀብላ ወርዳ ገመዱ የሳሳበት ላይ አሰረችው። ሰዉ «ምስጋና ቢስ!» አላት።

ወደ ገረመው ሄዳም ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ ገረመው፣ እርስዎ ስንት ዘመን ያወቁን ሰው ነዎት። ድንበሩን ያሳደጉት እርስዎ አይደሉ? እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ልቤ ይከፍታል» አለ ገረመው። «ጆሮዬ ነው እንጂ ያልሰማው።»

ባሏን ለመነችው። ቤታቸው ከኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሳልፈልግ እሰማለሁ።

«ቅር ድንበሩ፣ በሞቴ ቅር። ታምሜአለሁ በል።»

«እኔ ብቀር ማን ይወጣል? እነዚያ ጮርቆች። ከነሱ ክንድ የኔ ይሻላል።»

«ክንድህ ገመድ ይሆናል እንዴ?»

«ካልሆነ ወዴት አባቱ ይሄዳል» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የማሻሻያ ቤቱ ትምህርት እንዲህ ፍሬ ሲያፈራ ላይ ቤት አዲስ ትእዛዝ አወረደ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በያለበት መሪ ስለሆነ ሁሉም ማዳመጥ ይማር ተባለ። ሥራ ቆሞ ሁላችንም ሜዳ ላይ ተሰለፍን፤ አንገት ወደ ቀኝ፣ ዓይን ርጥብ፣ ነቅነቅ። ላሞች ቆመው ያዩን ነበር። ከመላው መሻገሪያ ቤት የወደቀችው እታፈራሁ ብቻ ናት። መምህሩ ብሶት መስሎ ሲናገርላት «ታዲያ ምን ላድርግልህ?» ብላ ጠየቀችው። «አየሽ፣ አልሰማሽኝም» አላትና ከሰልፉ አስወጣት። እኔ አልፌአለሁ። አንገቴ ዕቃ ሲለቅም የኖረ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል።

ከዚህ በኋላ የአንገት መዛኙ መጣ። መዛኝ ማለት ከላይ ቤት የሚላክ፣ አንገት የተሰበረበትን ልክ በእንጨት መለኪያ የሚለካ ባለሥልጣን ነው። የመጣው ሹም ልሳነወርቅ ወደ ላይ ቤት ይደግ ወይስ አይደግ የሚለውን ሊወስን ነው። ሹማችን ለዚህ ቀን ያሰበው ትልቅ ነገር ነበር። ሠራተኛውን በሥራ ቦታው፣ በጀልባው ላይ፣ ከወንዙ መሃል ሊያዳምጥ ተነሳ። እንዲህ ያለ ማዳመጥ ከዚህ በፊት አልተሞከረም። መዛኙ ውሃ ስለሚፈራ ከዳር ሆኖ ሊያይ ተስማማ፤ እኔ የሽልማቱን ወንበር ተሸክሜ ወርጄ ለመዛኙ ዘረጋሁለት። ሠራተኛው በሙሉ የክት ልብሱን ለብሶ ወንዙ ዳር ተሰለፈ።

ሹሙ ከድንበሩና ከሁለት ጀልበኞች ጋር ተሳፈረ። እታፈራሁ ከምሰሶዋ ሥር ቆማለች። የዘንጓን ጫፍ መሬት ላይ ደጋግማ ስትመታ አየኋት።

ወንዙ መሃል ሲደርሱ ሹሙ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ድንበሩን ከፊቱ አቆመ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ድንበሩ ምን እንዳለው አልሰማንም፤ እጁን ወደ ገመዱ ሲጠቁም ግን አየን። ሹሙ ነቀነቀ። በዚያው ቅጽበት ቀለበቱ በተዘረዘረው ቃጫ ተተበተበና ጀልባው ቆመ። ጀልበኞቹ ሳቡ። ገመዱ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ሹሙ ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን አየ። ገመዱን ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መሰለኝ።

«ገመድ!» ብሎ ጮኸ። «ገመድ ይውጣ! ኧረ ገመድ!»

እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው! ቢያድግልኝ ቢሰማ ይቀና ነበር። ወንዙን አቋርጦ፣ ዳሩን አልፎ፣ ከበረንዳው ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ዳር የቆመው ሠራተኛም ድምፁን ሰምቶ የተማረውን አደረገ። አንገቱን በአንድ ላይ ወደ ቀኝ ሰበረ። ዓይኑን አረጠበ። ነቀነቀ።

«እየሰመጥን ነው!»

ነቀነቁ።

«እናንተ ደንቆሮዎች! ገመድ! ገመድ!»

«ሰምተንዎታል» አሉ በኅብረት፣ በለሰለሰ ድምፅ። አናጢው እያለቀሰ ነበር።

መዛኙ ከወንበሩ ተነስቶ መለኪያውን ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው እያስጠጋ ይሮጥ ነበር። «ድንቅ ነው!» ይላል። «እንዲህ ያለ አንገት ላይ ቤትም የለም!»

እታፈራሁ ዘንጓን ይዛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጠች። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መዛኙን ከነወንበሩ ትቼ ተከተልኳት። ገረመው በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ሹሙ ይውጣ እያለ ነው! አይሰሙም?»

«እሰማለሁ እንጂ» አለ ገረመው። «ጥሩ ድምፅ ነው።»

«ይክፈቱ ታዲያ!»

«ከወንዝ ነው እኮ የሚጮኸው። እስቲ ልብ በይ ልጄ፣ በረንዳው ላይ ማን አለ?»

ትከሻውን ይዛ ከነመቀመጫው ገለበጠችው። ዘንጉን በመቆለፊያው ቀለበት ውስጥ ሰድዳ አንድ ጊዜ ጠመዘዘችው፤ ስንት ዘመን የተከበረው መቆለፊያ እንደ ሸክላ ተሰበረ። ጥቅሉን ገመድ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን ወደ ታችኛው ዳር ሮጥን። ከኋላችን ገረመው «ሌባ!» ይላል፣ ወንዙ ዳር ያሉት ደግሞ የሱንም ድምፅ ያዳምጡለታል።

አሮጌው ገመድ ስንደርስ ተበጠሰ። የተበጠሰው ከጀልባው ወዲያ በኩል ነው፤ በኛ በኩል ያለው ግማሽ አሁንም ምሰሶው ላይ ታስሯል። ድንበሩ ጫፉ ከቀለበቱ ሾልኮ ሊያመልጥ ሲል በክንዱ ላይ ጠቀለለው። እግሩን ከጀልባው ሳንቃ ጋር አግጥሞ ወደ ኋላ ተኛ። ውሃው ጀልባውን ጎተተ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባው እየዞረ ወደኛ ዳር መጠጋት ጀመረ። ድንበሩ ሲጮኽ አልሰማሁም። ጥርሱ ብቻ ይታየኝ ነበር።

እታፈራሁ አዲሱን ገመድ ወረወረች። መጀመሪያ የጨበጠው ሹሙ ነው፤ ጨብጦ የገዛ ወገቡ ላይ ሊያስረው ሲል ጀልበኞቹ ነጥቀው ከጀልባው ጋር አሰሩት። እኔና እሷ ዛፍ ላይ አዙረን ሳብን። ጀልባው አሸዋው ላይ ሲወጣ ሹሙ ዘሎ ወረደና መዛኙ ያለበትን በዓይኑ ፈለገ። ድንበሩ አልወረደም። ገመዱ ከክንዱ ላይ አልለቀቅ ብሎ ነበር፤ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በማግሥቱ ሐኪሙ ክንዱን ከክርኑ በታች ቆረጠው።

አዲሱን ገመድ እታፈራሁና ጀልበኞቹ በዚያው ሳምንት ዘረጉት። ይውጣ ያለ ሹም የለም፤ ወጥቷል። ገረመው የተሰበረውን መቆለፊያ መልሶ በሩ ላይ አንጠለጠለውና መጠበቁን ቀጠለ።

መዛኙ ደግሞ መሻገሪያ ቤታችን በማዳመጥ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ መሆኑን አወጀ። ለሹሙ ዕድገት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በአደጋው የተጎዳ ቤተሰብ አለና ያ ቤተሰብ በመዛኙ ፊት ይደመጥ ተባለ። የድንበሩ ቁስል ሲጠግግ ሹሙ እታፈራሁን አስጠራ።

መጣች። ወንበሩን አቀረብኩላት። ተቀመጠች፤ በዚህ ቀን ጫፉ ላይ ሳይሆን ደልደል ብላ ነበር የተቀመጠችው። ሹሙ በርጩማው ላይ ዝቅ አለ። መዛኙ መለኪያውን ይዞ ከጎኑ ተንበረከከ።

ሹሙ አንገቱን ሰበር አደረገ።

እታፈራሁ ምንም አላለችም።

ዓይኑን አረጠበ። እሷ ታየዋለች። ቁጣ ቢሆን በገባኝ ነበር፤ ሰው የሞተ ከብት የሚያይበት ዓይነት አተያይ ነው። ከወንዙ የጀልበኞቹ ድምፅ ይሰማል። የሹሙ አንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያን ያህል ጊዜ ተሰብሮ መቆየት አልለመደም። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። መዛኙ መለኪያውን እያየ «ተናገሪ እንጂ እመቤቴ፣ ሹሙ እያዳመጠሽ ነው» አላት።

በመጨረሻ ሹሙ ነቀነቀ። ምንም ሳትለው ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ ነቀነቀ።

«ሰምቼሻለሁ፣ እህቴ» አለ።

እታፈራሁ ተነሳች። ዞር ብላ ወንበሩን በመደገፊያው ያዘችው፣ ከፍ አድርጋ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠችው። በሩን እኔ ከፈትኩላት። ሥራዬ ነው። ደረጃውን ወርዳ ወደ ወንዙ አቀናች። ድንበሩ ከምሰሶው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በቀረችው እጁ ለሚሻገረው ሰው ተራ ያስይዛል፤ ወደሱ ነበር የምትሄደው።

ሹሙ በመስኮት አየ። ከበርጩማው ዘሎ ተነሳ፣ መዛኙን ገፍትሮ መለኪያውን ረግጦ ሰበረ፣ በረንዳው ላይ ወጣ።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ ሴትዮ! ወንበሬን! ወንበሬን መልሺ! ወንበሬ ይምጣ!»

ከተሾመ ጀምሮ ከበረንዳው የወጣ የመጀመሪያ ድምፁ ነው። እታፈራሁ ዘወር አላለችም።

ገረመው ግን ሰማ። ከመቀመጫው ብድግ አለ። ፊቱ በርቶ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ጠብቆ አላፈረም። ልብሱን አራገፈ፣ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ፣ የተሰበረው መቆለፊያ ውስጥ ከትቶ ሁለት ጊዜ አዞረው፣ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍቶ ጎኑ ቆመ። ገመዱ ከወጣ ወዲህ ውስጡ ባዶ ነበር።

«እሺ ጌታዬ» አለ ወደ በረንዳው ቀና ብሎ። «ምን ይውጣ?»